የእናቴን ዕቃ በነጻ ለመስጠት የከፈልኩት

እማዬ 81 ዓመቷ ነው። ከካዛንቺስ ለቃ ሰሚት፣ እህቴ ጋ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ስለሆነ ላግዝ ብዬ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣሁ። የሃምሳ ዓመት ዕቃ አራተኛ ፎቅ ላይ አይገባም። እንዳንሸጠው ደግሞ ገዝታናለች። «በሠርጌ የገባ ቡፌ ቆራሌው ዋጋ ሲያወጣለት ቆሜ አላይም» አለች።

ስለዚህ ሁሉም ሊሰጥ ሆነ። ጎላውና ትልልቁ ብረት ድስት ለእድሩ፣ ሲንገሩ ለጎረቤት ልጅ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ቡፌውና ሶፋው አያት ሰፈር ላለው የአረጋውያን መርጃ፣ ለመቄዶንያ። ቀድመን ደወልን፤ ምን ምን እንደሆነ ጠይቀው «አምጡት» አሉን።

የአይሱዙው ሹፌር 6,000 ብር አለ፣ 6,000 ተቀበለ። በሰዓቱም መጣ። ይባረክ።

ጣጣው የመጣው ከጫኝና አውራጅ ነው። መኪናው ገና ከመቆሙ ስድስት ልጆች ከበቡት። አንዱ ደብተር ይዟል። ቤት ገብቶ ዕቃውን በዓይኑ ለካና «18,000» አለ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። የአጎቴ ልጆች አራት ሆነው መጥተዋል፣ እኛው እንጭነዋለን አልኩ። «እዚህ ሰፈር ከኛ ሌላ ማንም አይጭንም።» ለአረጋውያን በነጻ የሚሄድ ነው ብዬ ብነግረው «እኛስ መች ሞልቶልን» አለኝ። ከዚያ ያቃጠለኝን ነገር ጨመረ፦ «እህቴ፣ በዶላር ስታስቢው እኮ ምንም አይደለም።» እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ ስንት ቀን እንደምሠራበት ለማን ላስረዳ?

ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ክርክር 7 ሰዓት ደረሰ። ሹፌሩ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ እንቅልፉን ለጠጠ። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ጠራን፤ መጥቶ «ተስማሙ» ብሎን ሄደ። በመጨረሻ 9,500 ከፈልኩ። ከመኪናው ኪራይ በለጠ! ደረሰኝ የለ፣ ምን የለ። የቁም ሳጥኑንም መስታወት በር ሲያወጡት ሰነጠቁት።

እኔ ባለሁበት አገር ያገለገለ ዕቃ የሚቀበለው ድርጅት፣ ጉድዊል በር ላይ አወርዳለሁ፣ ደረሰኝ እቀበላለሁ፣ ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ እመለሳለሁ። እርግጥ የሰጠሁት ዕቃ ማን ቤት እንደገባ አላውቅም። አያት ስንደርስ ግን ሶፋው ገና ግቢው ላይ እንዳለ አንድ አባት በዝግታ መጥተው ተቀመጡበት። አባቴ ይቀመጥበት በነበረው በኩል። እህቴ ፊቷን አዞረች። የተቀበሉን ልጆች አንዲት ሳንቲም ሳይጠይቁ አወረዱት፣ ዝርዝሩንም ጽፈው ፈርመው ሰጡን።

ዕቃ የምታወጡ ካላችሁ፣ መኪናው ሳይመጣ ከጫኞቹ ጋር ዋጋ ቁረጡ። የሚነጋገረውም እዚያው የሚኖር ሰው ይሁን። እኔ ጫማዬና አማርኛዬ አሳበቁብኝ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ሻይ ብጠጣ ኖሮ እህቴ በግማሽ ትጨርሰው ነበር።

የአባቴን ፊሊፕስ ራዲዮ ለራሴ ብዬ ጥግ ላይ በነጠላ ሸፍኜ አስቀምጬው ነበር። መኪናው ተጭኖ ካለቀ በኋላ ከጫኞቹ ትንሹ ገለጥ አድርጎ አየው።

«ይሠራል፣ እማማ?»

«ይሠራል የኔ ልጅ፣ ውሰደው» አለችው።