የሦስት ወሩ ወይስ የጾሙ? ለስኳር ምርመራ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

«ስኳር ይኑርብኝ አይኑርብኝ ለማወቅ የቱን ልመርመር?» የሚለኝ ሰው በዛ። ወዲያው ደግሞ «የትኛው ይረክሳል?» ይከተላል። የኔን አቋም ልናገርና ልገላገል፦ ብሩ ካላችሁ የሦስት ወሩን፣ ማለትም ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ አማካይ ስኳር የሚያሳየውን፣ ሂሞግሎቢን ኤዋንሲ የሚሉትን የደም ምርመራ።

ውድ ነው፣ አልክድም። በኔ ሰፈር ላቦራቶሪዎች የጾሙን ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ግን ስኳሩ የሚለጠፈው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ፕሮቲን ላይ ነው። ሴሉ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ስለዚህ ለምርመራው ሲል ሦስት ቀን ጣፋጭ የተወ ሰው አያመልጥም። ቁርስ በልታችሁም ትሄዳላችሁ። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ከሆነ ደግሞ ደጃፉ ላይ ናችሁ።

የጾሙ 8 ሰዓት ምንም ሳይበሉ የሚሰጥ ነው፤ መስመሩ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ስኳር ይባላል። ጣጣው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይመጣል። ፈሳሹ ከደም ሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፤ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል። 130 የነበረው ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ 115 ገደማ ይሆንና «ስኳር የለብህም» ይባላል። ስለዚህ «እዚሁ ነው የሚሠራው ወይስ ይላካል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚላክ ከሆነ የሦስት ወሩ ይሻላል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀናት ይቆያል።

ከጣት ደም ጠብታ ስኳር የሚለካው የቤቱ ማሽን ግን በሽታው አለ የለም ለማለት አይሆንም። አለም አቀፉ መስፈርት ራሱ ከ100 በላይ ላለ ውጤት 15 በመቶ ስህተት ይፈቅድለታል። እውነተኛው 126 ከሆነ 107ም 145ም ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው። ማሽኑ የሚጠቅመው በሽታው ለታወቀበት ሰው ነው።

ዋጋውም ያታልላል። አክስቴ ከአሜሪካ የተላከላት ቆንጆ ማሽን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ስትሪፑ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ቁራጭ፣ እዚህ አይገኝም፣ የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ አይገባለትም። ስለዚህ መጀመሪያ ስትሪፑን ፈልጉ፣ ማሽኑ ይደርሳል። አንዳንዱ ስትሪፕ ከተከፈተ በ3 ወር ይበላሻል። 50 ፍሬ የያዘ ብልቃጥ ገዝቶ በሳምንት ሁለቴ የሚለካ ሰው ግማሹን ይጥላል፤ የአንዱ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከብልቃጡ አውጥቶ በፍሬ የሚሸጥላችሁ ካለ ትታችሁት ሂዱ፣ እርጥበት ገድሎታል።

የሦስት ወሩም ይሳሳታል። በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። በቅርቡ ደም የፈሰሰው ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ዝቅ ሊል ይችላል። እነዚህ ሰዎች በጾሙ ይመርመሩ፤ ነፍሰ ጡር ግን የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልጋት ሐኪሟን ትጠይቅ። ፍሩክቶሳሚን የሚባለው ሌላ የደም ምርመራ ያለፉትን 2 እና 3 ሳምንት አማካይ ስኳር ያሳያል፣ ግን ስኳር አለ ለማለት መስፈርት ውስጥ አልገባም። «ሙሉ የስኳር ጥቅል» ብለው ሲ-ፔፕታይድ የሚጨምሩባችሁም አሉ። እሱ ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚሠራ ነው የሚናገረው፤ አስወጡት፣ ሂሳቡ ይቀንሳል።

ምልክት ለሌለው ሰው አንድ ውጤት አይበቃም። እዚህ ላይ የምትቆጥቡበት መንገድ አለ። በአንድ መርፌ ሁለቱንም አሠሩ። ሁለቱም መስመሩን ካለፉ ተረጋገጠ፤ ለሌላ ቀን ታክሲና ካርድ አትከፍሉም። አንዱ ብቻ ካለፈ ያለፈውን ብቻ ድገሙት።