ፓድ ኪ ማው በጥቅል፦ ኑድሉ ይበል የሚያሰኝ፣ ማጣፈጫው ቢቀር የሚሻል

ፓድ ኪ ማው ሰፋፊ የሩዝ ኑድል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከደቃቅ ቃሪያና ከበሶብላ ቅጠል ጋር በኃይለኛ እሳት ተጠብሶ የሚቀርብ የታይላንድ ምግብ ነው። አሜሪካ ባሉ የታይ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ «የሰካራም ኑድል» ተብሎ ስለሚጻፍ መጠጥ ያለበት የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ በተለመደው አሠራሩ ግን አልኮል አይገባበትም። ሌላው የታወቀ የታይ ኑድል ፓድ ታይ ወደ ጣፋጭነትና ወደ ኮምጣጣነት ሲያደላ፣ ይህኛው ጠቆር ያለ፣ ጨው ጨው የሚልና ምላስ የሚለበልብ ነው። በርበሬና ሚጥሚጣ ለለመደ ሰው ከታይ ምግቦች ሁሉ ቶሎ የሚስማማው ይኸው ይመስለኛል።

እዚህ የምገመግመው ይህንኑ ምግብ እቤት ውስጥ ለማብሰል ተብሎ የተዘጋጀ ጥቅል ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሚገኝ የእስያ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር በ6 ዶላር ገደማ የገዛሁት ሲሆን፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ደረቅ ኑድል፣ አንድ ከረጢት ሶስና የደረቀ ቅጠል ያለበት ትንሽ እሽግ ይዟል። ሥጋውን፣ አትክልቱንና ዘይቱን የሚያሟላው ገዢው ነው።

ከኑድሉ ልጀምር፤ የተከፈለው ገንዘብ የሚክሰው በእሱ ነውና። ከሩዝ ዱቄትና ከውሃ ብቻ የተሠራ፣ ወርዱ ጣት የሚያህል፣ ሳይሰባበር የታሸገ ነው። ጉድለቱ ያለው ከጀርባው በታተመው መመሪያ ላይ ነው፤ መመሪያው በፈላ ውሃ 8 ደቂቃ ቀቅሉት ይላል። እንዲህ የተቀቀለ የሩዝ ኑድል መጥበሻ ላይ ሲደርስ ይላሽቃል፣ ይበጣጠሳል፣ ሶሱንም አይዝም። ይልቅስ ለብ ባለ ውሃ ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ ቢዘፈዘፍና በጣት ሲታጠፍ ሳይሰበር የሚተጣጠፍ፣ ሲነከስ ግን መሐሉ ገና ጠንከር ያለ ሳለ ቢጠለል፣ የቀረውን ብስለት ከመጥበሻው ያገኛል። በዚህ መንገድ ያዘጋጀሁት ኑድል ጠርዙ ቡናማ እስኪሆን ተጠብሶ እንኳ አልተጣበቀም፤ በታይ ምግብ ቤት ከሚቀርበውም ብዙ የሚያንስ አይደለም።

ማጣፈጫው ግን ሌላ ነገር ነው። በከረጢቱ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ላይ ስኳር ከሁሉ ቀድሞ ተጽፏል፤ በአሜሪካ ሕግ መሠረት ዝርዝሩ ከክብደት ብዛት ወደ ማነስ መጻፍ ስላለበት፣ ከኦይስተር ሶሱም (ከባሕር ዛጎል እንስሳ ከሚሠራው) ከሶይ ሶሱም (ከአኩሪ አተር ከሚሠራው) የሚበልጠው ስኳሩ ነው ማለት ነው። ሲቀመስም ይህንኑ ይመሰክራል፤ መጀመሪያ ጣፋጭነቱ አፍ ይሞላል፣ ከዚያ መዓዛ የሌለው ባዶ ማቃጠል ይከተላል። እሽጉ ላይ ሦስት ቀያይ ቃሪያዎች መሣላቸው ደግሞ ትንሽ ድፍረት ነው። የታይ ደቃቅ ቃሪያ የማቃጠል ኃይልን በሚለካው በስኮቪል መለኪያ ከ50,000 እስከ 100,000 ሲደርስ፣ ሃላፒኖ የሚባለው የሜክሲኮ ቃሪያ ከ2,500 እስከ 8,000 ይገመታል፤ የዚህ ሶስ ማቃጠል ለእኔ ምላስ ከሃላፒኖው ወገን ነው።

ከረጢቱን ትቶ ሶሱን ራስ ማዘጋጀት ደግሞ ያን ያህል አድካሚ አይደለም። ለሁለት ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀጭኑ ሶይ ሶስ፣ ለቀለሙ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁሩ ሶይ ሶስ፣ ከትናንሽ ዓሣና ከጨው ለወራት ተብላልቶ ከሚወጣው ፊሽ ሶስ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ስኳርም እንዲሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ዋናው ሥራ ሙቀጫው ላይ ነው፤ አራት አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና እንደ አቅም የተመረጠ ትኩስ ቃሪያ ሳይልም ተወቅጦ በጋለ ዘይት ላይ ይጣላል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጭስ በርበሬ ሲታመስ ጎረቤት ከሚያስለው አይተናነስምና፣ አፓርታማ ውስጥ የሚያበስል ሰው መስኮቱን አስቀድሞ ቢከፍት መልካም ነው። የቤት ምድጃ እሳት ከምግብ ቤቱ ስለሚደክም፣ የሁለቱን ሰው ድርሻ በአንድ ላይ ከመጨመር ለየብቻ መጥበስ ይሻላል፤ መጥበሻው ከሞላ ኑድሉ መጠበሱ ቀርቶ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል።

ስለ ደረቀው ቅጠል ብዙ የሚባል የለም፤ ቀለም እንጂ ሽታ የለውም። ታይላንዶች የሚጠቀሙበት ቅጠልና እኛ ለሽሮና ለበርበሬ የምናደርቀው በሶብላ የአንድ ወገን ተክሎች ናቸው፤ የእነሱ ግን ትኩሱ ቅጠል እሳቱ እንደጠፋ በእፍኝ ተጨምሮ፣ በኑድሉ ሙቀት ጠውለግ ሲል ነው መዓዛው የሚወጣው። ጥቅሉን የገዛሁበት መደብር ትኩሱን ቅጠል ከአትክልቱ ጎን ይሸጣል፤ ተመሳሳዩን ደረቅ ኑድልም ለብቻው ከጥቅሉ ባነሰ ዋጋ ያቀርባል። ስለዚህ ሶይ ሶስና ኦይስተር ሶስ ቤቱ ላለ ሰው ይህን ጥቅል የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም። ምንም ለሌለውና ምግቡን አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ ይሆነው ይሆናል፤ ያም ቢሆን ከሶሱ ግማሹን አስቀርቶ በምትኩ ትኩስ ቃሪያ ቢጨምርበት ይመረጣል።

ለጾም ከታሰበ ግን ከረጢቱ ኦይስተርም ፊሽ ሶስም ስላለበት አይሆንም። ከእንጉዳይ የሚሠራ ተመሳሳይ ሶስ በእነዚሁ መደብሮች ይገኛል፤ ፊሽ ሶሱ ቀርቶ ቀጭኑ ሶይ ሶስ ትንሽ ከፍ ይላል፣ በሥጋው ፈንታም ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ይገባል። ቶፉው ግን ውሃው ተጨምቆ አስቀድሞ ለብቻው በደንብ መጠበስ አለበት፤ አለዚያ መጥበሻው ላይ ውሃ ይለቅና በብዙ ጥንቃቄ የተዘፈዘፈውን ኑድል ያላሽቀዋል።