በሦስት ቀለም የማያልቅ ካርታ፦ የአንድ የልጆች መልመጃ መጽሐፍ ግምገማ

ለስምንት ዓመት ልጄ ሒሳብ መደመርና መቀነስ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት የገዛሁት ይህ የመልመጃ መጽሐፍ ባዶ ካርታዎችንና አራት ዓይነት ቀለም ያላቸውን የካርቶን ክቦች የያዘ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የሚዋሰኑ ግዛቶች አንድ ቀለም እንዳይጋሩ ከተፈለገ፣ ካርታውን ለመጨረስ ስንት ቀለም ይበቃል?

የወደድኩለት መልሱን አስቀድሞ አለመናገሩን ነው። ቀጥታ መስመሮች ብቻ የሚያቋርጡትን ገጽ በሁለት ቀለም ያስጀምራል፤ አዲስ መስመር ሲጨመር ከመስመሩ በአንዱ ወገን ያሉትን ቀለሞች በሙሉ ማገለባበጥ እንደሚበቃ ልጄ ክቦቹን እያነሳች ስትጥል ራሷ ደረሰችበት። ቀጥሎ ማላዊ ከታንዛኒያ፣ ከሞዛምቢክና ከዛምቢያ ጋር የምትታይበት ካርታ ይመጣል፤ የሚፈቀደውም ሦስት ቀለም ብቻ ነው። ሦስቱ ጎረቤቶች እርስ በርሳቸውም ስለሚዋሰኑ ቀለሞቹን ተከፋፍለው ጨረሷቸው። ልጄ ደጋግማ ካቀያየረች በኋላ «ለማላዊ ምንም አልተረፈላትም» አለች፤ እኔ ላስረዳት ካሰብኩት ይልቅ ይህ አጭርም ግልጽም ነበር።

ዋናው ጉድለት የደንቡ አቀማመጥ ነው። በነጥብ ብቻ የሚነካኩ ግዛቶች እንደ ጎረቤት እንደማይቆጠሩ የሚነገረው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። በዚህም የተነሳ ከመሃል ወደ ዳር ለስምንት የተከፈለ ክብ ላይ ስንደርስ፣ ልጄ ሁሉም መሃል ላይ ስለሚገናኙ ስምንት ቀለም ያስፈልጋል ብላ ተከራከረች። ደንቡ እስካልተነገራት ድረስ አልተሳሳተችም፤ ደንቡ ሲታወቅ ግን እየተፈራረቁ የሚቀቡ ሁለት ቀለሞች ይበቁታል።

የታሪኩ ገጽም ችኮላ አለበት። ፍራንሲስ ጉትሪ እ.ኤ.አ. በ1852 የእንግሊዝን አውራጃዎች ካርታ ሲቀባ ጥያቄውን እንዳነሳ፣ በ1976 ደግሞ ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሀከን ለማንኛውም ጠፍጣፋ ካርታ አራት ቀለም እንደሚበቃ በኮምፒውተር እገዛ እንዳረጋገጡ ብቻ ጽፎ ያልፋል። አልፍሬድ ኬምፕ በ1879 ያቀረበው ማረጋገጫ ለ11 ዓመት ትክክል ሲባል ቆይቶ፣ በ1890 ፐርሲ ሂውድ ስህተቱን እንዳገኘበትና ከዚያው ሐሳብ ተነስቶ አምስት ቀለም በእርግጥ እንደሚበቃ እንዳሳየ አልተጠቀሰም። ይህን በቃሌ ስነግራት ልጄ የጠየቀችኝ «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ማንም አላየውም?» ብላ ነው፤ ወደ ማላዊም ተመልሳ የራሷን ሥራ እንደገና መመርመር ጀመረች።