የአፍዴራ ጨው የበላው ኤፍኤስአር ሻንሲ፦ ቃሊቲ ያሠራሁበት ጋራዥ እንዴት ነው?

ፍርዴን በመጀመሪያ ልናገር። መኪናችሁ ጨው ሲጭን የኖረ ከሆነ ሻንሲውን፣ ማለት ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ በሽቦ ብሩሽ አስፍቃችሁ አንቲረስት (ተራ የዝገት መከላከያ ቀለም) አታስቀቡት። ገንዘባችሁን ነው የምታባክኑት። በአየር ግፊት በሚነፋ አሸዋ አስጠርጋችሁ ኤፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ቀለም) አስቀቡት። እኔ ያሠራሁት ቃሊቲ ያለ ጋራዥ ነው። የማመሰግንበትም የምወቅስበትም ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም፣ ግን ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ የትም ብትወስዱት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መኪናው አሮጌ አይሱዙ ኤፍኤስአር ነው። የበፊቱ ባለቤት ለዓመታት አፋር ክልል ካለው ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልስበት ኖሯል። አፍዴራ የሄደ ሹፌር ይህን አይጠይቀኝም። ቦታው ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ጨው ደግሞ መሬቱም ላይ አየሩም ውስጥ አለ። ከካሶኒው (ከጭነት ሳጥኑ) ወለል ስንጥቅ የሚንጠባጠበው ጨዋማ ውሃ ሌላ ቦታ አይሄድም፣ ቀጥታ ሻንሲው ላይ ነው የሚያርፈው፤ አግዳሚዎቹ ብረቶች ከሁለቱ ረጃጅሞች ጋር የሚገናኙበት ጥግ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ዝገቱ እዚያ ጋ በጣት ስትነኩት በንብርብር ይነሳ ነበር።

በላዩ ላይ ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ነበረበት። ብዙ ሰው የተቃጠለ ዘይት ከናፍጣ ጋር ቀላቅሎ ሻንሲ ያስረጫል፣ ዝገት ይከላከላል ተብሎ። ለጊዜው ውሃ ያርቃል፣ እውነት ነው። ግን አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማ ነክ ዕቃዎችን ያበላሻል፣ ከስር ያለውን ጨው ደግሞ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። በኋላ ቀለም ልቀባ ስትሉ ያ ዘይት ካልወጣ ምንም ቀለም አይይዝላችሁም።

ጋራዡን የወደድኩት ገና ከመጀመሩ ነው። ዋናው ባለሙያ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ስለ ቀለም ምንም ሳያወሩ መዶሻ ይዘው ከስር ገቡና ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ቀስ እያሉ መታ መታ አደረጉት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ከኋላ ያለው አንድ አግዳሚ ሳስቶ አገኙትና «ወንድሜ፣ ይሄ ሳይቀየር ቀለም አልቀባልህም» አሉኝ። አልተከራከርኩም። የቀየሩትም በብየዳ ሳይሆን በብሎን ነው፣ በነበረው ቀዳዳ። ይህን ልብ በሉ፤ የጭነት መኪና ሻንሲ ሲሠራ የረጃጅሞቹን ብረቶች የላይኛና የታችኛ ከንፈር (የታጠፈውን ጠርዝ) መብሳትም መበየድም አምራቾች አጥብቀው ይከለክላሉ፣ ጭነቱን የሚሸከመው እሱ ስለሆነና ስንጥቅ ከዚያ ስለሚጀምር። አንዳንድ ጋራዥ ግን ያገኘው ቦታ ላይ ይበይዳል።

ካሶኒውን አወረዱት። ከዚያ እጠባ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ላቫጆ ወስዶ በውሃ መርጨት እጠባ አይደለም። መጀመሪያ ዘይቱን በሳሙና ነክ ኬሚካልና በሙቅ ውሃ አወጡት። ቅባት ያለበት ብረት ላይ አሸዋ ከተነፋ ቅባቱ ወደ ብረቱ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ቀጥሎ በአሸዋ ነፉት። ብረቱ ወጥ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን እንደገና በንጹሕ ውሃ አሳጠቡት። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ጨው የበላው ብረት ትንንሽ ጉድጓድ አለው፣ ጨው ከጉድጓዱ ስር ይቀራል፣ አሸዋ ደግሞ ዝገቱን እንጂ ጨውን ሙሉ በሙሉ አያወጣም። ጨው ከቀለም ስር ከቀረ እርጥበት ወደራሱ ይስባል፣ ቀለሙ ከውስጥ ይነፋና እንደ ፊኛ ተወጥሮ ይፈነዳል። ከታጠበ በኋላ በአየር አደረቁት፣ ስስ ዝገት ሲመለስበት ደግሞ ቀለል ያለ አሸዋ ደገሙለትና በዚያው ቀን፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ የመጀመሪያውን ቀለም መቱት። የተጠረገ ብረት አሳድሮ የሚቀባ ጋራዥ ካያችሁ ትታችሁ ውጡ።

የሻንሲ ቁጥሩን ሳልነግራቸው ነው የሸፈኑት። አሸዋ ከነካው ይፋቃል፣ ቀለም ከወፈረበት ይሞላል፣ ለቦሎ ስትሄዱ ደግሞ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። የፍሬን ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የሾክ አብዞርበር ዘንጉም በደንብ ተጠቅልለው ነበር።

ቀለሙ ሦስት ዓይነት ነው። መጀመሪያ ዚንክ ያለበት ኤፖክሲ። ዚንኩ የሚሠራው ባዶ ብረት ሲነካ ነው፣ በብረቱ ፋንታ እሱ ይበላል፤ ስለዚህ ዝገት ላይ ቢቀባ ጥቅም የለውም። በላዩ ወፍራም ኤፖክሲ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ፖሊዩረቴን፤ ምክንያቱም ኤፖክሲ ለብቻው ፀሐይ ሲመታው ዱቄት ዱቄት ይላል። በጣም ደስ ያለኝ ግን ስፕሬይ ከመጀመራቸው በፊት ጠርዙን፣ የብሎኖቹን ራስና ጥጋጥጉን በሙሉ በእጅ ብሩሽ መቀባታቸው ነው። ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ ሸሽቶ ስለሚሳሳ ዝገት ሁልጊዜ የሚመለሰው ከዚያ ነው። በመለኪያ ሲያሳዩኝ ሦስቱም ተደምረው ከ200 ማይክሮን (ከ0.2 ሚሊሜትር) በላይ ናቸው።

አሁን ወቀሳው። የመጨረሻውን ጥቁር ቀለም አመሻሽ ላይ ነው የመቱት፣ ቶሎ ለማስረከብ ብለው፣ ቀጠሮው ቀድሞም አልፎ ስለነበር። አዲስ አበባ ፀሐይ ስትጠልቅ ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። ጠዋት ስናየው የኋላው ክፍል ነጣ ነጣ ብሎ ደብዝዟል። ትንሽ ተነጋገርን፣ ከዚያ አሸተው ያለ ክፍያ ደገሙልኝ። ሁለት ብረት ተደርቦ የሚገናኝበት ክፍተትና የተዘጉ ቦታዎች ውስጥም ዝገት የሚከላከል ሰም አልረጩም፤ እሱን ሌላ ቦታ ነው ያስረጨሁት።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ግን ረዳቱ ልጅ ነው። አሸዋ የሚነፋው ባለሙያ አየር የሚገባበት መከላከያ ራሱ ላይ አድርጓል። አሸዋ የሚሞላለት ልጅ ግን አፉን በሻርፕ ብቻ ጠቅልሎ እዚያው ብናኙ ውስጥ ቆሟል። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሲሊኮሲስ ያመጣል፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፣ እናንተም የትም ጋራዥ እንዲህ ካያችሁ ንገሩ። ደንበኛ ሲናገር ይሰማሉ።

ዋጋው? ከብሩሽና ከአንቲረስት ሥራ ከእጥፍ በላይ ነው፣ አብዛኛው የቀለሙ ነው። ለሁሉም መኪና ያስፈልጋል አልልም። ጨው ያልነካው፣ ላይ ላዩን ብቻ የዛገ ሻንሲ ከሆነ የላላውን ፍቃችሁ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ዝገት መለወጫ ቀቡት፣ ሲጠቁር በላዩ ፕራይመርና ቀለም፣ ይበቃዋል። ጉድጓድ የሠራ ወፍራም ዝገት ላይ ግን አሲዱ የላይኛውን ብቻ ለውጦ የታችኛውን ይተወዋል። ባሌስትራ (የመኪናው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ላይ ደግሞ ጭራሽ አታስነኩት፣ ጠንካራ ብረትን ሊያሰባብር ይችላል።

ክረምቱን አሳልፌ ከስር ገብቼ አየሁት። የኋላ ጎማ ጠጠር የሚወረውርበት ቦታ ላይ ትንሽ ተልጧል፣ ሌላው እንደነበረ ነው። የተላጠውን በብሩሽ ነካክቼዋለሁ።

የትም ጋራዥ ከሄዳችሁ «ቀለም ከመምታታችሁ በፊት ደውሉልኝ» በሏቸውና ባዶውን ብረት በዓይናችሁ እዩት፣ በነጭ ጨርቅም ጥረጉት። ሌላዋን አይሱዙዬን፣ ኤንፒአሯንም፣ ከጥቅምት በኋላ እዚያው ቃሊቲ ነው የምወስዳት፣ የመጨረሻው ቀለም ጠዋት እንዲመታና ሰሙም በውሉ እንዲገባ ከወዲሁ ተስማምተናል።