ሦስት ተብሎ ሁለት፦ የጃፓን የአኒሜሽን ፊልም መድበል ለምትገዙ ሁሉ

«ሜሞሪስ»፣ «ሮቦት ካርኒቫል» እና «ኒዮ ቶክዮ» የተባሉትን፣ እያንዳንዳቸው የተለያዩ አጫጭር ታሪኮችን የያዙ የጃፓን የአኒሜሽን ፊልሞች በአንድ ሣጥን አድርጎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 79 ዩሮ ከፍዬ ገዝቼዋለሁ። ከሦስቱ ዲስኮች አንደኛው ላይ አንድ ሙሉ ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል፤ ይህንንም ያወቅሁት ገንዘቤን የማስመልስበት መንገድ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የምኖረው ጀርመን ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የአኒሜሽን ሥዕል ይማራል። ከዓመት በላይ ሲለምነኝ የኖረው አንድ ነገር ነበር፤ የ«ሜሞሪስ»ን ሦስተኛ ክፍል በደህና ጥራት ማየት። በስልኩ ላይ ቁርጥራጩን አይቶ እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ልደቱ ሲቃረብ ፈልጌ ፈልጌ ይህን ሣጥን አገኘሁ። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ያምራል። «በዲጂታል የታደሰ፣ በሁሉም አገር የሚሠራ፣ የሰብሳቢዎች እትም» ይላል። ሲደርሰኝም በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጠርዙ ሳይነካ፣ አዲስ ሆኖ ነው። ስጦታ ነውና አልከፈትሁትም። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በሰው እጅ ላክሁለት።

በደረሰው ማግስት ደወለልኝ። ደስ ብሎት ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ ሦስተኛው ክፍል የት ገባ?» አለኝ። ሁለተኛው ታሪክ እንዳለቀ ቀጥታ ወደ ሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ይገባል፤ ከዚያ ያበቃል። ዲስኩ ላይ ያለው ፊልም ርዝመቱ 90 ደቂቃ ነው። ሣጥኑ ጀርባ ላይ ግን በጉልህ 113 ደቂቃ ተብሎ ታትሟል።

ይህ ማጭበርበር በዚህ ዓይነት ፊልም ላይ ለምን እንደሚመች ላስረዳ። በአንድ ወጥ ፊልም ላይ ሃያ ደቂቃ ቢጎድል ታሪኩ ይሰበራል፤ ተመልካቹም ወዲያው ይነቃል። መድበል ግን እንደዚያ አይደለም። የአጭር ልብ ወለድ መድበልን አስቡ። አንዱ ታሪክ ከነገጾቹ ተገንጥሎ ቢወጣ፣ ማውጫውን ያላየ አንባቢ የቀሩትን አንብቦ ደስ ብሎት መጽሐፉን ይዘጋል። ሻጩ የተማመነውም በዚህ ነው። ወንድሜ ሦስተኛውን ክፍል አስቀድሞ ባያውቀው ኖሮ ሁለታችንም ሻጩን አመስግነን እንቀር ነበር።

የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቁጣዬ ከዚያ ነው የሚመነጨው። «ሜሞሪስ» እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ ለዕይታ የበቃ፣ ከካትሱሂሮ ኦቶሞ የሥዕል ታሪኮች የተነሣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው «ማግኔቲክ ሮዝ» ይባላል። ኮጂ ሞሪሞቶ አዘጋጀው፣ ሳቶሺ ኮን ጽሑፉን ጻፈው፣ ሙዚቃውን ዮኮ ካኖ ሠራችው። እ.ኤ.አ. በ2092 በጠፈር ላይ ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅሙ ሠራተኞች የጭንቅ ጥሪ ሰምተው ይሄዳሉ፤ የሚያገኙት አንዲት የኦፔራ ዘፋኝ ትዝታዋን የገነባችበትን ቤተ መንግሥት ነው። የፑቺኒ ኦፔራ «ማዳማ በተርፍላይ» በውስጡ ሲያስተጋባ ሰውነት ይወርራል። ሁለተኛው፣ ቴንሳይ ኦካሙራ ያዘጋጀው «ስቲንክ ቦምብ» ነው። ጉንፋን የያዘው አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ያልሆነ ክኒን ይውጥና ሰውነቱ የሚያመነጨው ሽታ ያገኘውን ሁሉ እየጣለ ወደ ቶክዮ ይጓዛል፤ ጦር ሠራዊት ሊያስቆመው አልቻለም።

ሦስተኛው፣ ኦቶሞ ራሱ ያዘጋጀው «ካነን ፎደር»፣ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከየቤቱ ጣሪያ ላይ መድፍ የበቀለበት ከተማ አለ። አባት መድፍ ያጎርሳል፤ እናት የመድፍ ጥይት በሚመረትበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት የሚማረው ስለ መድፍ ነው። ጠላቱን ያየው ሰው የለም። ክፍሉ የተሠራው ካሜራው ከጥዋት እስከ ማታ አንድም ጊዜ ሳይቆረጥ ከተማዋን ተከትሎ እንደሚሄድ ሆኖ ነው፤ ከልጁ መኝታ ወደ ጎዳና፣ ከጎዳና ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ ግዙፉ መድፍ ሆድ። በእጅ እየተሣለ እንዲህ ያለ ያልተቆረጠ ጉዞ መሥራት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ የሚያውቀው ሥዕል የሞከረ ሰው ነው። ወንድሜ ሊያጠናው የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ዳራው እንዴት እንደሚዞር፣ ሥዕሎቹ በየት በየት እንደሚጋጠሙ። የተቆረጠው ደግሞ ይኸው ሆነ።

ለምን እንደተቆረጠ ወንድሜ ራሱ ደረሰበት። ዲስኩን ገልብጦ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የፋብሪካ ዲቪዲ ከሥሩ እንደ መስታወት ብርማ ነው፤ የእኛ ሐምራዊ ነበር፤ ይህም ማለት ባዶ ዲስክ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ዓይነቱ ደግሞ 4.7 ጊጋባይት ብቻ የሚይዘው፣ መረጃ የሚጻፍበት አንድ ንብርብር ብቻ ያለው ነው። ሻጩ ፊልሙን ከሁለት የድምፅ ቅጂና ከአምስት ቋንቋ የግርጌ ጽሑፍ ጋር ሊያጭቀው ሞከረ፤ አልበቃውም፤ ስለዚህ መጨረሻውን ጣለው። እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው። ሥዕሉም ቢሆን ግራና ቀኙ ተከርክሞ ወደ አሮጌ ቴሌቪዥን ቅርጽ ተለውጧል። የግርጌ ጽሑፉን ወንድሜ በስልክ ሲያነብልኝ ጆሮዬን ማመን አልቻልሁም፤ የዘፋኟ ስም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ብቻ ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል።

ስለቀሩት ሁለት ዲስኮች ግን ያልሆነ ክስ እንዳታነሡ ላስጠንቅቅ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ኒዮ ቶክዮ» 50 ደቂቃ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሠራም ልኩ ይኸው ነበር፤ ሪንታሮ፣ ዮሺያኪ ካዋጂሪ እና ኦቶሞ የሠሯቸው ሦስት ክፍሎች ናቸው፤ ዲስካችን ላይ ሦስቱም ነበሩ። «ሮቦት ካርኒቫል» ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣ፣ መክፈቻና መዝጊያውን ጨምሮ ዘጠኝ ክፍል ያለው፣ አብዛኛው ያለ ንግግር የሚሄድ ሥራ ነው። የእኛ ቅጂ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል የተዘበራረቀ መሰለን። ነገር ግን ፊልሙን በመጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ድርጅት ራሱ ቅደም ተከተሉን ለውጦት ነበር፤ ሻጩ የቀዳውም ከዚያ ቅጂ ይመስላል። ስለዚህ ክፍሎቹን ቁጠሩ እንጂ በተራቸው አትጨነቁ። ሰዓቱም ዘጠና ደቂቃ ገደማ መሆን አለበት።

ለሻጩ ጻፍሁለት። መጀመሪያ «በአንዳንድ አገሮች የወጣው ሁለት ክፍል ብቻ ነው» አለኝ። ይህ ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዲቪዲ እንኳን ሦስቱንም ክፍል ይዟል፤ እንዲህ ብዬ ስመልስለት ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ «ዕቃው ተከፍቷል፣ መመለስ አይቻልም» የሚል አንድ መስመር ላከ።

አሁን የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከነጋዴ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ መመለስ ይችላል። ታሽጎ የመጣ የፊልም ዲስክ ግን እሽጉ ከተከፈተ ይህ መብት ይቀራል። ዕቃው ከተባለው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ነገሩ ይለያል፤ ነጋዴው «ከፍተኸዋል» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ሻጩ ግን በነጋዴነት አልተመዘገበም። በመቶ የሚቆጠር ሣጥን እየሸጠ ራሱን «ግለሰብ» ብሎ ነው ያስመዘገበው። ከዚህም የባሰ አለ። በሽያጭ ገጹ በኩል ከመክፈል ይልቅ ወደ ባንክ ሒሳቡ በቀጥታ ካስገባሁ የመላኪያውን 6 ዩሮ እንደሚተውልኝ ነገረኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። በዚያች 6 ዩሮ ምክንያት የሽያጭ ገጹ ለገዢ የሚሰጠውን ዋስትና በገዛ እጄ ጣልሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የዲስኩን ሥር ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የሽፋኑን ሳይሆን የሥሩን። ሐምራዊ ከሆነ ተዉት። በፋብሪካ በታተመ ዲስክ መሐል ቀዳዳው ዙሪያ የተቀረጹ ጥቃቅን ቁጥሮችና ፊደሎች ይታያሉ፤ እነርሱም በፎቶው ላይ እንዲነበቡ ንገሩት። «ሜሞሪስ» ከሆነ የመጨረሻውን ክፍል አንድ ትዕይንት ከነሰዓቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ዕቃው በእጁ ያለ ሐቀኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «የጃፓን እትም» ተብሎ የአምስትና የስድስት ቋንቋ ትርጉም የተዘረዘረበትንም ጠርጥሩ፤ ለጃፓን ገበያ የታተመ ዲስክ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ እንኳን የለውም። ስጦታም ቢሆን ሳትልኩት በፊት ከሻጩ ጋር ተስማምታችሁ ከፍታችሁ እዩት። ሣጥኑ ተከፍቶ ቢደርሰው የሚቀየም ወንድም የለም።

ትክክለኛውን ዕቃ ለምትፈልጉም አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካ ውስጥ «ሜሞሪስ»ንም «ሮቦት ካርኒቫል»ንም በብሉ ሬይ (ከዲቪዲ የላቀ ጥራት ባለው ዲስክ) ያሳተመው ዲስኮቴክ ሚዲያ የተባለ ድርጅት ነው፤ ክፍሎቹ ሙሉ ናቸው። ነገር ግን ብሉ ሬይ ዓለምን በፊደል ከፍሎታል፤ የተቆለፈ ዲስክ የሚከፈተው የዚያው ፊደል በሆነ ማጫወቻ ብቻ ነው። አሜሪካና ጃፓን ኤ ናቸው፤ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅ እና ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካ ቢ ናቸው። በኤ የተቆለፈ ዲስክ ዋሽንግተን ያለች እኅታችሁ ገዝታ ብትልክላችሁ አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ቴል አቪቭም ያለ ተራ ማጫወቻ አይከፍተውም። በዲቪዲ ደግሞ አከፋፈሉ በቁጥር ነው፤ አሜሪካ 1፣ ጃፓንና አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5። «በሁሉም አገር የሚሠራ» የሚለው ቃል እኔን የሳበኝ ይህን ሁሉ ስለማውቅና ከዚህ ጣጣ ስለተገላገልሁ ስለመሰለኝ ነበር። በመጀመሪያ ሊያስጠረጥረኝ የሚገባው ግን እርሱ ነበር፤ ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ቁልፍ ስለሌለው ነው በሁሉም አገር የሚሠራው።

ትናንት ማታ ወደዚያ ገጽ ተመልሼ ገባሁ። ማስታወቂያው አልተነሣም። ፎቶው ያው ነው፣ የሣጥኑ ጀርባ 113 ደቂቃ እንዳለ ነው። ዋጋው 84 ዩሮ ሆኗል። ለሽያጭ ገጹ አቤቱታ አስገብቻለሁ፤ የሐምራዊውን ዲስክ ፎቶና የ90 ደቂቃውን ማስረጃ አያይዣለሁ። ይኸው ሣጥን ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ አስገቡትና ሰዓቱን እዩ፤ ጎድሎ ካገኛችሁት እናንተም አቤት በሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲጮኽ አይሰሙትም።