ልጄን ማዳመጥ ላስተማሩልኝ መምህር

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። ክርክር ነፍሷ ነው። ድሮ ግን የምትከራከረው ለመርታት ብቻ ነበር። ሰው ሲናገር የራሷን መልስ ታዘጋጃለች እንጂ አትሰማም። ይህን የቀየሩልኝን የሞዴል ዩኤን አሰልጣኟን ዛሬ በአደባባይ ላመስግናቸው።

ለማታውቁት፣ ሞዴል ዩኤን ተማሪዎች የየአገሩ ልዑክ ሆነው እንደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚሰበሰቡበት ልምምድ ነው። የተመደበላቸውን አገር አቋም ያጠናሉ፣ ይደራደራሉ፣ የውሳኔ ሐሳብ አርቅቀው ድምፅ ይሰጣሉ።

መጀመሪያ ሌላ ክበብ ነበረች። እዚያ ወሬው ሁሉ «ምርጥ ልዑክ» ተብሎ ስለ መሸለም ነው። ሁለቴ ተሸለመች። ቤት ውስጥ ግን ጭራሽ ባሰባት።

እኚህ መምህር ጋ እንደገባች የሠሩት የካምፕ ዴቪድን ድርድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ግብፅና እስራኤል በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር ሸምጋይነት ለ13 ቀናት የተደራደሩበት ነው። ልጄ የእስራኤል ልዑክ ሆነች። ካርታ ዘርግተው ሲናን፣ እስራኤል በ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ከግብፅ የያዘችውን በረሃ፣ ሲከፋፍሉ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቁ። አንዱ መስመር ለግብፅ አይጥምም፣ ሌላው ለእስራኤል። ነገሩ ሲጦፍ መምህሩ ወንበር አቀያየሯቸው። የግብፅ ልዑካን የእስራኤልን ቦታ ያዙ፣ የእስራኤሎቹ የግብፅን። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «መሬቱን የምትፈልጉት ለምንድን ነው?»

ልጄ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ነው የነገረችኝ። ግብፅ የምትፈልገው የገዛ መሬቷን ነው። እስራኤል የምትፈራው ድንበሯ ሥር የሚቆመውን ታንክ ነው። ሁለቱ ለካ አንድ ነገር አይደሉም! በእውነተኛው ስምምነትም ሲና ሙሉ በሙሉ ለግብፅ ተመለሰ፤ እዚያ የሚሰፍረው ጦር ግን ተገደበ። መምህሩ ታሪኩን አላሳመሩላቸውም። የፍልስጤማውያን ጉዳይ ሳይፈታ እንደቀረ፣ ስምምነቱን የፈረሙት የግብፁ ፕሬዚዳንት ሳዳትም እ.ኤ.አ. በ1981 እንደተገደሉ ነግረዋቸዋል።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የጸጥታው ምክር ቤት ነበር። የልጄ የውሳኔ ሐሳብ ከ15ቱ አባላት 11 ድምፅ አገኘ። አንድ ቋሚ አባል ግን ድምፅን በድምፅ በመሻር መብቱ ጣለው። ተናዳ ስታማርር «ከድምፁ በፊት ስንት ጊዜ አነጋገርሽው?» አሏት። አንድም ጊዜ አላነጋገረችውም። በሚቀጥለው ስብሰባ የዚያ ቋሚ አባል ልዑክ የሆነው ልጅ ጋ ቀድማ ሄደች። ያሳሰበውን አንቀጽ አብረው አስተካከሉ። ልጁ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። የቋሚ አባል ድምፀ ተአቅቦ ውሳኔ አይጥልም፤ 9 የድጋፍ ድምፅ ከተገኘ ያልፋል። አለፈላት።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናቸው ከስብሰባው በኋላ ላለችው ግማሽ ሰዓት ነው። የአገር ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከጠረጴዛ ይነሳል። ልጆቹ ክብ ሠርተው እንደ ራሳቸው ይናገራሉ። ምን አናደደኝ? ማንን ሳልሰማ ቀረሁ? ክበብ የምትመርጡ ወላጆች፣ ከዋንጫው በፊት ስለዚህች ግማሽ ሰዓት ጠይቁ።

ዝምተኛ ልጅ ያላችሁም አትስጉ። እሳቸው ማንንም ማይክ ላይ አይገፉም። ማርቀቅና ሰው ማግባባት እዚያ ከንግግር እኩል ይቆጠራል። ንባቡ ብዙ መሆኑን ግን እወቁት፤ ልጄ አንዳንዴ ታመሻለች።

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁን ማስመዝገብ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።