ከሐይቁ ማዶ ብልጭ ያደረገልን ወንድማችን

ይህን የምጽፈው ከግቢያችን፣ ከሾላው ሥር ተቀምጬ ነው። እኛን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ለማታውቁን፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ማዶ በምዕራብ በኩል የአካል ጉዳት ያለባቸውን 34 ልጆች የምናሳድግበት የበጎ አድራጎት ማእከል አለን። ማታ ማታ የከተማው መብራት ፊት ለፊታችን ተደርድሮ ይታየናል። ኢንተርኔት ግን አልነበረንም። ስልክ ለማውራት እንኳ ጉብታ ፍለጋ ነበር። የአንዲት ልጅ የምርመራ ውጤት ለሐኪሟ ለመላክ ሐይቁን ዞሬ ሐዋሳ ገብቼ አድሬያለሁ። ለአንድ ወረቀት!

ኢንተርኔት የሚያስገባልን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ስንለምን ኖረናል። አንዱ መጥቶ ቀብድ ተቀበለን፤ ዛሬ ነገ ሲል ከርሞ ስልኩን አጠፋ። ያ ብር ለዊልቸር ጥገና የተቀመጠ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። ሌላው ደግሞ ግቢውን አየት አደረገና "ይህ ሾላ ካልተቆረጠ አይሆንም" አለ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት እዚያ ጥላ ሥር ነው። የጠራልን ዋጋ ደግሞ የዓመቱን የቀለብ ወጪያችንን የሚያስንቅ ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ ሐዋሳ ውስጥ የደህንነት ካሜራ የሚገጥም አንድ ልጅ ጠቆመችኝ። ደወልኩለት። ስለ ብር አላነሳም። "ከግቢያችሁ ሐዋሳ ይታያል?" አለኝ። ይታያል አልኩት። "እንግዲያው ይሆናል" አለ።

በማግስቱ ከተማ ያለው ቢሯችን ጣሪያ ላይ መስታወት ይዞ ወጣ። "አስር ሰዓት ላይ ወደ እኔ እዩ" አለን። እኛም ልጆቹን ይዘን ወጥተን ብናይ ብናይ ምንም የለም። ሾላው ጋርዶናል። ጉብታው ላይ ሄጄ ብደውልለት "ከፍ በሉ" አለ። ጥበቃችን የውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ወጣና "በራች! በራች!" ብሎ ጮኸ። እኔም በቀሚሴ መሰላሉን ወጣሁ። ከውሃው ማዶ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ብርሃን ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጆቹ ከታች ይጮኻሉ፣ እኔ ከላይ አለቅሳለሁ።

"ዛፉ አይነካም፤ እኛ ከፍ እንላለን" አለኝ።

እንዳለውም አደረገ። ማማው ላይ ቱቦላሬ አስበየደና ትንሽ ዲሽ ሰቀለ፤ ቢሮው ጣሪያ ላይም እንደዚያው። የሁለቱን ዲሾች አፍ ገጥሞ እስኪያስተካክል ግማሽ ቀን ፈጀበት። እንዴት እንደሚሠራ ብትጠይቁኝ አላውቅም። የገባኝ ሁለቱ መተያየት እንዳለባቸውና ቅጠል በመሃል ከገባ ሲግናሉን እንደሚውጠው ብቻ ነው። መብራቱም በዚያው በኢንተርኔቱ ገመድ ይሄዳል፤ ዲሿ የምትፈጀውም ከአንድ አምፖል አይበልጥም። ሶላራችን ይበቃታል። ከቢሮው እስከ ግቢያችን በቀጥታ ሲለካ 11 ኪሎ ሜትር ነው። የቢሮውን ኢንተርኔት ነው የምንካፈለው፣ ስለዚህ ሌላ ወርሃዊ ክፍያ የለብንም። ለዕቃው የወጣው 46 ሺህ ብር ነው። የእጅ ዋጋውን አልቀበልም ብሎ አስቸገረን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነካው። በዊልቸር የሚሄድ የ16 ዓመት ልጅ አለን፤ ወንድማችን ሲሠራ ከአጠገቡ አልጠፋም። ወንድማችንም የኢንተርኔቱን ገመድ ጫፍ ቆርጦ፣ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በቀለማቸው አሰልፎ መቆንጠጥ አስተማረው። ልጁ ሁለት ጊዜ አበላሸ። በሦስተኛው መብራቷ በራች። ሲሄድ መቆንጠጫውን ትቶለት ሄደ። "ከእንግዲህ ቴክኒሻናችሁ እሱ ነው" አለን። ባለፈው ሳምንት ገመዱ ሲበላሽ በእርግጥም ልጃችን ነው የጠገነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እጅህ ይባረክ። የወላጆችህን ውለታ ይክፈልልን።

ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ማእከል ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱን አነጋግሩት። ለማንም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እሱን አነጋግሩት። ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እመልስላችኋለሁ፣ ከዚሁ ከግቢያችን ሆኜ።